አንትሮፖሎጂን፣ ሶሲዮሎጂንና ሳይኮሎጂን ሳያምታቱ ማጥናት፦ ለመምህርነት ለሚዘጋጁ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። «መምህሩ በሳምንቱ ውስጥ የቤት ሥራቸውን ሁሉ ያስረከቡ ተማሪዎች ዓርብ ከሚሰጠው ተጨማሪ ልምምድ ነጻ እንዲሆኑ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራ የሚያስረክቡ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ። መምህሩ የተጠቀመበት ዘዴ ምን ይባላል?»

ካስጠናኋቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ «አዎንታዊ ማጠናከሪያ» ብለው ይመልሳሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ «ቅጣት» ይላሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። የሚያናድደው ነገር፣ እነዚሁ ሰዎች የቃላቱን ፍቺ ሲጠየቁ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ይወጡታል። እኔም በጊዜዬ ሦስት ደብተር ሙሉ ፍቺ ሸምድጄ ገብቼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ ብዕሬን ይዤ ቀርቻለሁ።

ፍቺ ማወቅና ከጎረቤቱ መለየት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለተኛው ነው። የጥያቄው መልስ ደረጃ 5 ላይ አለ፤ ዘለው አይሂዱ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ የፈተናውን ወይም የኮርሱን የይዘት ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ የመግቢያ መጽሐፍ፣ አንድ ደብተር፣ መዳፍ የሚያክሉ ባዶ ካርዶች። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ካገኙ ያስቀምጧቸው፤ እስከ ደረጃ 7 ድረስ ግን አይክፈቷቸው። ቀድመው ካዩዋቸው መልሱን ይሸመድዱና ያወቁ ይመስልዎታል።

ለአንድ ትምህርት ሁለት መጽሐፍ አይያዙ። ለጀማሪ ሁለት ደራሲ ማለት ለአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ማለት ነው። የአማርኛ ትርጉሞችም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያዩ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ «ሶሻላይዜሽን» ብሎ እንዳለ የሚተወውን ሌላው ሦስት ቃል አድርጎ ይተረጉመዋል። መጽሐፍዎ የሚጠቀምበትን ስያሜና ፈተናው የሚጠቀምበትን ስያሜ ጎን ለጎን የሚጽፉበት አንድ ገጽ በደብተርዎ መጨረሻ ላይ ይተዉ።

ጊዜውን እንዲህ ይደልድሉ፦ በቀን 45 ደቂቃ ለ7 ሳምንት። አንድ ሳምንት ለአንትሮፖሎጂ፣ ሁለት ለሶሲዮሎጂ፣ ሦስት ለሳይኮሎጂ፣ የመጨረሻው ለቅልቅል ልምምድ። ብዙ ሰው አንትሮፖሎጂን ለመጨረሻዋ ሌሊት ያቆያል። እኔ ግን በእሱ ይጀምሩ እላለሁ፤ ሳይፈርዱ ማየትን የሚያስለምደው እሱ ነውና።

ደረጃ 1፦ አንድ ትዕይንት ይጻፉ

በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ የክፍል ውስጥ ክስተት ይጻፉ። የሚማሩትን ጽንሰ ሐሳብ ሁሉ የሚሞክሩት በዚህ ላይ ነው። የራስዎ ከሌለ ይህን ይዋሱ፦

*የ9 ዓመት ልጅ ናት። በዚህ ዓመት ከሌላ አካባቢ መጥታ አዲስ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በቤቷ የሚነገረው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ከሚነገረው የተለየ ነው። መምህሩ ስሟን ጠርቶ ሲጠይቃት ወደ ደብተሯ ታቀረቅራለች፤ የእርሳሷን ጫፍ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ 10 ሴኮንድ ያህል ዝም ትላለች። መምህሩ ወደ ሌላ ተማሪ ያልፋል። በዕረፍት ሰዓት ይህችው ልጅ የጨዋታ ሕግ ለጓደኞቿ ጮክ ብላ ታስረዳለች። ከአንድ ወር በፊት በሰጠችው የተሳሳተ መልስ ክፍሉ ስቆባት ነበር፤ መምህሩም ምንም አላለም።*

አሁን የጻፉትን መልሰው ያንብቡና የፍርድ ቃላትን እያደኑ ይሰርዙ። «ዓይነ አፋር ናት» ፍርድ ነው። «ታቀረቅራለች» የታየ ነገር ነው። «ሰነፍ»፣ «ግድ የለሽ»፣ «ጨዋ» ሁሉም ይውጡ።

ካልሆነልዎ፦ የልጅቷን ጠባይ የሚገልጽ ቅጽል ባገኙ ቁጥር «ምን አይቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በቦታው ይተኩ። መልስ ካጡ ቅጽሉ የመጣው ከእርስዎ ነው፤ ይሰረዝ።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ጥያቄዎች ይለዩ

ሦስቱም ትምህርቶች የሚያጠኑት ሰውን ነው፤ የሚለያዩት በጥያቄያቸው ነው። ከትዕይንቱ ሥር እነዚህን ይጻፉ።

1. አንትሮፖሎጂ፦ ይህ ድርጊት ሰውየው ባደገበት ማኅበረሰብ ዘንድ ምን ትርጉም አለው?
2. ሶሲዮሎጂ፦ እዚህ ቦታ ላይ ማን በምን ስፍራ ላይ ነው ያለው? ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? ማንስ ይጠቀማል?
3. ሳይኮሎጂ፦ በዚህ ግለሰብ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው? ምን ተምሯል፣ ምን ያስባል፣ ምን ይሰማዋል?

በልጅቷ ላይ ሲሞከሩ እንዲህ ይሆናሉ። አንትሮፖሎጂው የታላቅን ዓይን ፊት ለፊት ማየት ባደገችበት ቦታ ድፍረት ተደርጎ ይቆጠር እንደሆነ ይጠይቃል። ሶሲዮሎጂው አዲስ መጤ መሆኗን፣ የክፍሉ ቋንቋ የማን እንደሆነ፣ ሲስቁባት መምህሩ ዝም ማለቱ ምን ደንብ እንዳጸደቀ ያያል። ሳይኮሎጂው ከሳቁ በኋላ ጥያቄ መጠየቅና ማፈር በአእምሮዋ ተያይዘው እንደሆነ ይመረምራል። ሦስቱ መልሶች አይጣሉም፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድን ቃል ለአንድ ትምህርት ብቻ ርስት አድርገው አይስጡ። «ባህል» የሚለውን ሶሲዮሎጂም ይጠቀምበታል፤ «ሚና»ን ደግሞ ሳይኮሎጂ። ፈተናው «ይህ ከየትኛው እይታ አንጻር ነው?» ካለ ወደ ቃሉ ሳይሆን ወደ ጥያቄው ይመልከቱ።

ደረጃ 3፦ አንትሮፖሎጂ (አንድ ሳምንት)

ከባህል ፍቺ ይጀምሩ። ኤድዋርድ ታይለር በ1871 ባህልን ሲተረጉም እውቀትን፣ እምነትን፣ ጥበብን፣ ሥነ ምግባርን፣ ሕግንና ልማድን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ሰው የማኅበረሰብ አባል በመሆኑ የሚያገኛቸው ናቸው አለ። ዝርዝሩን ትተው የመጨረሻዋን ሐረግ ያጥኑ፤ የፈተና ጥያቄ የሚወጣው ከእሷ ነው። ባህል በደም አይወረስም፣ ይማሩታል። መራብ ተፈጥሮ ነው፤ መቼና እንዴት እንደሚበላ ግን ባህል ነው።

ከዚያ እነዚህን ጥንዶች ይያዙ። ለየብቻ አያጥኗቸው።

ኤንካልቸሬሽንና አካልቸሬሽን። የመጀመሪያው ልጅ የተወለደበትን ባህል መማሩ ነው። ሁለተኛው ሁለት ባህሎች ተገናኝተው ሲቆዩ የሚመጣ ለውጥ ነው። መለያው፦ ወደ ራሱ ባህል እየገባ ነው ወይስ ከሌላ ባህል ጋር ተገናኝቶ እየተለወጠ? ትዕይንቱ ውስጥ ያለችው ልጅ በቤቷ የመጀመሪያውን፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን እየኖረች ነው።

ኢትኖሴንትሪዝምና ባህላዊ አንጻራዊነት። አንደኛው የሌላውን ልማድ በራስ ሚዛን መመዘን ነው፤ ሌላው በባለቤቱ ሚዛን ለመረዳት መሞከር። ለሁለተኛው መስፋፋት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ፍራንዝ ቦአስና ተማሪዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፦ አንጻራዊነት ማለት «ሁሉም ልማድ ትክክል ነው» ማለት አይደለም። መጀመሪያ ተረዳ፣ ከዚያ በኋላ ፍረድ የሚል የጥናት ዘዴ ነው። ልጅን የሚጎዳ ልማድ ያየ መምህር ልማዱን ለመረዳት መሞከሩ ልጁን ከመጠበቅ ግዴታው አያወጣውም።

ኤሚክና ኤቲክ። የውስጥ ሰው እይታና የውጭ ተመልካች እይታ። ኬኔት ፓይክ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ያስገባቸው ቃላት ናቸው። «አክብሬው ነው ያቀረቀርኩት» ኤሚክ ነው፤ «በ10 ጥያቄዎች ውስጥ 8 ጊዜ አቀረቀረች» ኤቲክ ነው።

ዘዴውን በተመለከተ አንድ ነገር በቂ ነው፦ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪዎቹ መካከል ኖሮ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ያጠናበት መንገድ አሳታፊ ምልከታ ይባላል። አራቱን ዘርፎች (ባህላዊ፣ ሥነ ሕይወታዊ፣ የቋንቋ አንትሮፖሎጂና አርኪዮሎጂ) በአንድ ካርድ ጽፈው ይለፉ።

ካልሆነልዎ፦ ኤንካልቸሬሽንና አካልቸሬሽን በሦስተኛው ቀንም ከተምታቱብዎ፣ ከራስዎ ሕይወት ለእያንዳንዳቸው አንድ ምሳሌ ይጻፉ። የራስ ምሳሌ ከመጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ሶሲዮሎጂ (ሁለት ሳምንት)

*የመጀመሪያው ሳምንት፦ ስፍራ፣ ሚና፣ ደንብ*

ማኅበራዊ ስፍራ ሰው የሚይዘው ቦታ ነው፤ ሚና ከዚያ ቦታ የሚጠበቅ ሥራ። ስፍራን ይይዙታል፣ ሚናን ይሠሩታል። ስፍራ ሲወለዱ የሚያገኙት (የእገሌ ልጅ መሆን) ወይም በጥረት የሚያገኙት (መምህር መሆን) ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥንድ ፈታኞች የሚወዱት ነው። የሚና ግጭት በሁለት ስፍራዎች መካከል ይነሳል፤ የሚና ጫና በአንድ ስፍራ ውስጥ። መምህሯ የገዛ ልጇን ፈተና ማረም ካለባት ግጭት ነው፤ እናትም መምህርም ናትና። መምህሩ ተማሪዎቹን እንዲያቀርብም በጥብቅ እንዲቆጣጠርም ከተጠበቀበት ጫና ነው፤ ሁለቱም ከመምህርነት የመጡ ናቸው። ጥያቄውን ሲያነቡ ስፍራዎቹን በጣትዎ ይቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ግጭት፣ አንድ ከሆነ ጫና።

በደንብ በኩል ፎክዌይስና ሞሬስ የሚባሉትን ዊልያም ሰምነር በ1906 ለይቷቸዋል። መለያው ደንቡ ሲጣስ የሚመጣው ምላሽ ነው፦ ሰው ገረም ብሎት ካለፈ የመጀመሪያው፣ ነውር ተብሎ ከተወገዘ ሁለተኛው።

ሶሻላይዜሽንን (ሰው የማኅበረሰቡን ደንብና ሚና የሚማርበትን ሂደት) በተመለከተ ቤተሰብ የመጀመሪያ ደረጃው፣ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃው ወኪል መሆኑን ይያዙ። «የመጀመሪያ» የተባለው በጊዜ ስለሚቀድም ነው፤ «የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት» ከሚለው ስያሜ ጋር አያገናኙት። ቀልድ ይመስላል፣ ነገር ግን በዚህ ስያሜ ተሳስቶ መልሱን የገለበጠ ሰው አውቃለሁ።

*ሁለተኛው ሳምንት፦ ሦስቱ እይታዎች*

ሦስቱን እይታዎች በአንድ ነገር ላይ ያጥኗቸው። የክፍል ደረጃ አወጣጥን (አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለውን) ይውሰዱ።

1. ፈንክሽናሊዝም «ለማኅበረሰቡ ምን ይጠቅማል?» ይላል። ደረጃ ማውጣት ችሎታን ለይቶ ለሥራ ይመድባል ብሎ ይመልሳል። የኤሚል ዱርኬም መንገድ ነው።
2. የግጭት ንድፈ ሐሳብ «ማንን ይጠቅማል?» ይላል። በቤቱ መጽሐፍና ጊዜ ያለው ልጅ ቀድሞ የያዘውን ብልጫ ትምህርት ቤቱ «ችሎታ» ብሎ ያጸድቅለታል ይላል። መነሻው ካርል ማርክስ ነው።
3. ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም «ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ትርጉም ይሰጣጣሉ?» ይላል። «ጎበዝ» ወይም «ደካማ» የሚለው ስም በየቀኑ ንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚለጠፍ ያያል። ጆርጅ ኸርበርት ሚድና ቻርልስ ኩሊ እዚህ ይመደባሉ።

ከሦስተኛው ጋር ራሱን የሚፈጽም ትንቢት የሚባለውን ያገናኙ። ሮበርት መርተን በ1948 የጻፈበት ሲሆን፣ ሐሰት የነበረ ግምት ሰዎች በግምቱ መሠረት በመሥራታቸው እውነት ሲሆን ማለት ነው። ሮዘንታልና ጃኮብሰን በ1968 ባሳተሙት ጥናት ለመምህራን የአንዳንድ ተማሪዎችን ስም ሰጥተው «እነዚህ በቅርቡ ይጎብዛሉ» አሏቸው፤ ስሞቹ ግን የተመረጡት በዘፈቀደ ነበር። በኋላ ሲለካ ከእነዚህ ልጆች በተለይ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎቹ ብልጫ አሳይተው ተገኙ። የውጤቱ መጠን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ስለዚህ በጽሑፍ መልስዎ ላይ «የመምህር ግምት ሁሉንም ይወስናል» ብለው አይጻፉ። «ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል» ይበቃል።

ካልሆነልዎ፦ ሦስቱ እይታዎች ከተምታቱ ስማቸውን ለጊዜው ይተዉና ጥያቄያቸውን ብቻ ይያዙ፦ ምን ይጠቅማል? ማንን ይጠቅማል? ምን ትርጉም ይሰጣጣሉ?

ደረጃ 5፦ ሳይኮሎጂ (ሦስት ሳምንት)

ብዙ ነጥብ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። ቀስ ይበሉ።

*5.1 ማጠናከሪያና ቅጣት*

ወደ መግቢያው ጥያቄ እንመለስ። የሥነ ልቦና ሊቁን የስኪነርን አራት ቃላት ለመለየት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ቅደም ተከተላቸው አይለወጥ።

ሀ. ድርጊቱ ከዚያ በኋላ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከጨመረ ማጠናከሪያ ነው፤ ከቀነሰ ቅጣት ነው።

ለ. ያንን ለማምጣት አንድ ነገር ተሰጠ ወይስ ተወሰደ? ከተሰጠ አዎንታዊ፤ ከተወሰደ አሉታዊ።

የቤት ሥራ ማስረከብ ጨመረ፤ ስለዚህ ማጠናከሪያ። ተጨማሪው ልምምድ ተወሰደ፤ ስለዚህ አሉታዊ። መልሱ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት «አዎንታዊ»ንና «አሉታዊ»ን ጥሩና መጥፎ አድርገው ስለሚያነቡ ነው። እዚህ ቦታ የመደመርና የመቀነስ ምልክት እንጂ ሌላ አይደሉም።

ሌሎቹ ሦስቱ፦

- መምህሯ የልጁን ድርሰት አመሰገነችለት፤ መጻፍ አበዛ። አዎንታዊ ማጠናከሪያ።
- ሲረብሽ ተቆጣችው፤ ረብሻው ቀነሰ። አዎንታዊ ቅጣት።
- ሲረብሽ የጨዋታ ሰዓቱን ወሰደችበት፤ ረብሻው ቀነሰ። አሉታዊ ቅጣት።

አሁን ሁለተኛውን እንቀይረው። ሲረብሽ ተቆጣችው፤ ረብሻው *ጨመረ*። ምን ይባላል? አዎንታዊ ማጠናከሪያ። መምህሯ ቀጣሁ ብላ አስባ ይሆናል፤ ልጁ ግን ሲፈልገው የቆየውን ትኩረት አገኘ። ስሙን የሚወስነው ውጤቱ ነው፤ የመምህሯ ሐሳብ አይቆጠርም። ለዚህ ነው ጥያቄ «ሀ» መቅደም ያለበት።

ይህን ይዘው የደረጃ 1ን ትዕይንት መልሰው ያንብቡ። ልጅቷ ዝም ስትል መምህሩ ወደ ሌላ ተማሪ ያልፋል። የሚያስጨንቃት ጥያቄ ተወሰደላት። በሚቀጥለው ጊዜም ዝምታዋ ከጨመረ መምህሩ ሳያውቅ ዝምታን በአሉታዊ ማጠናከሪያ እያስተማረ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት «አላስጨንቃት» ብዬ ያለፍኳቸውን ልጆች ያስታወሰኝ ይህ ነጥብ ነው።

*5.2 ፓቭሎቭ ወይስ ስኪነር?*

ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ (ፓቭሎቭ) ሳይፈልጉት የሚመጣ ምላሽን ይመለከታል፤ ወሳኙ ነገር ከምላሹ *በፊት* ይመጣል። ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ (ስኪነር) ሰው የሚያደርገውን ድርጊት ይመለከታል፤ ወሳኙ ነገር ከድርጊቱ *በኋላ* ይመጣል።

የፓቭሎቭን ውሻ ምሳሌ (ከምግብ በፊት የሚሰማውን ድምፅ ለምዶ፣ ምግብ ሳይመጣም ለድምፁ ምራቁ የሚዝረበረበውን) ሁሉም ያውቀዋል፤ ፈተና ላይ ግን ውሻ አይመጣም። ይህን ይለማመዱ፦ የሒሳብ መምህሩ በድንገት ይጮኻል፣ ልጁ ይደነግጣል። ከጊዜ በኋላ ልጁ የሒሳብ መጽሐፉን ሲያይ ብቻ ልቡ ይመታል። ጩኸቱ ሳይማሩት የሚያስደነግጥ ማነቃቂያ ነው፤ በጩኸቱ መደንገጡ ያልተማረው ምላሽ ነው፤ መጽሐፉ መጀመሪያ ገለልተኛ ነበር፣ ኋላ የተማሩት ማነቃቂያ ሆነ፤ ለመጽሐፉ የሚመጣው ድንጋጤ የተማሩት ምላሽ ነው። አራቱን ክፍሎች ሳይሰይሙ ወደ መልስ ምርጫዎቹ አይሂዱ።

*5.3 ፒያዤ*

ፒያዤ የልጆች አስተሳሰብ እንዴት እንደሚያድግ ያጠና የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። አሲሚሌሽንና አኮሞዴሽን። አዲሱን ነገር በነበረው የአእምሮ ማኅደር ውስጥ ካስገባው አሲሚሌሽን ነው፤ ማኅደሩን ራሱን ከለወጠ አኮሞዴሽን። «ውሻ» የሚለውን ቃል ብቻ የሚያውቅ ሕፃን ፍየል አይቶ «ውሻ!» ካለ አሲሚሌሽን። ተነግሮት «ፍየል» የሚል አዲስ ክፍል ከፈጠረ አኮሞዴሽን።

አራቱ ደረጃዎች፦ ሴንሰሪሞተር (ከልደት እስከ 2 ዓመት)፣ ቅድመ ኦፐሬሽን (2–7)፣ ተጨባጭ ኦፐሬሽን (7–11)፣ ረቂቅ ኦፐሬሽን (ከ11 ገደማ ጀምሮ)። ጥያቄ የሚወጣው ከመሸጋገሪያዎቹ ነው። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ ለልጅ ያሳዩ፤ እኩል መሆናቸውን ይመስክር። አንዱን ዓይኑ እያየ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ይገልብጡ። «የቱ ይበልጣል?» ሲሉት ረጅሙን ካሳየ ገና በቅድመ ኦፐሬሽን ላይ ነው። «ያው ነው፤ አልጨመርክበትም» ካለ ተሻግሯል። በአቅራቢያዎ ልጅ ካለ ይሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከአሥር ገጽም ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕድሜዎቹ ግምት ናቸው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሕፃናት ፒያዤ ከገመተው ቀድመው ብዙ እንደሚረዱ አሳይተዋል። ለፈተና ቁጥሩን ይያዙ፤ ክፍል ውስጥ ግን «ገና 7 ዓመቱ ስላልሆነ አይችልም» ብለው አይደምድሙ።

*5.4 ቪጎትስኪ*

ቪጎትስኪና ፒያዤ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በ1896 ነው፤ ቪጎትስኪ ግን በ1934 በ37 ዓመቱ ሞተ። ፒያዤ ልጁ ራሱ ሲሞክርና ሲያገኝ ያያል፤ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጁ ከሚበልጠው ሰው ጋር ሲነጋገር። ዋናው ጽንሰ ሐሳብ የቅርብ እድገት ቀጠና ነው፦ ብቻውን ከሚችለውና በእገዛ ከሚችለው መካከል ያለው ርቀት። ብቻውን የሚችለው ቀጠናው ውስጥ የለም፤ በእገዛም የማይችለው የለም።

ስካፎልዲንግ (እየቀነሱ የሚሄዱት ድጋፍ) የሚለው ስያሜ የቪጎትስኪ አይደለም። ውድ፣ ብሩነርና ሮስ በ1976 ያስገቡት ነው። «ቃሉን ማን አስተዋወቀው?» እና «ከማን ንድፈ ሐሳብ ጋር ይያያዛል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ የተለያየ ነው።

*5.5 በአንድ በአንድ ካርድ የሚያልፉ*

ባንዱራ፦ አይቶ መማር። ልጆቹ አሻንጉሊት የመታው ሰው ሲቀጣ ሲያዩ ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም፤ ሽልማት ሲቀርብላቸው ግን አሳምረው ደገሙት። መማርና ማድረግ ይለያያሉ ማለት ነው።

ኤሪክሰን፦ ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚያልፍባቸው ስምንት የእድገት ደረጃዎች። ለመምህር ሁለቱ ይበልጣሉ፤ በ6–12 ዓመት ትጋት ከበታችነት ስሜት፣ በጉርምስና ማንነት ከሚና መደናገር።

ኮልበርግ፦ የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ደረጃዎች። ምክንያቱን እንጂ ውሳኔውን አይመልከቱ። ሦስት ተማሪዎች አልኮርጅም አሉ። «እያዛለሁ» ያለው ቅድመ ልማዳዊ፣ «ጎበዝ ተማሪ አይኮርጅም» ያለው ልማዳዊ፣ «በሐቅ የሠራውን እበድላለሁ» ከሚል የፍትሕ መርሕ የተነሳው ድኅረ ልማዳዊ ነው።

*5.6 አንድ የሚጣል ነገር*

«አንዳንዱ ተማሪ በዓይን፣ አንዳንዱ በጆሮ ይማራል፤ ለእያንዳንዱ በስልቱ አስተምረው» የሚለውን ያገኙታል። ስያሜዎቹን ቢጠየቁ ይወቁ። ነገር ግን ትምህርትን ከተማሪው «ስልት» ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ የሙከራ ማስረጃ አልተገኘም። የትምህርት ዕቅድዎን በዚህ ላይ አይገንቡ።

ደረጃ 6፦ ካርዶቹን በግልባጭ ይሥሩ

አብዛኛው ሰው በካርዱ ፊት ቃሉን፣ በጀርባው ፍቺውን ይጽፋል። ይገልብጡት። በፊት ለፊት *ሁኔታ* ይጻፉ። በጀርባ ሦስት መስመር፦ ስሙ፣ የሚምታታው ጎረቤቱ፣ የሚለያቸው ነገር። ለምሳሌ ፊት፦ «መምህሯ የልጇን ፈተና ማረም አለባት።» ጀርባ፦ «የሚና ግጭት። ጎረቤት፦ የሚና ጫና። መለያ፦ ስፍራዎቹ ሁለት ናቸው።»

ካርዱን ከመገልበጥዎ በፊት መልሱን ጮክ ብለው ይናገሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በልጠው ተገኙ፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ በዚያች ሰዓት ያወቁ ያስመስላል።

በሠሩት ማግስት፣ ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ ከዚያ በ7ኛው ቀን ይመለሱባቸው። የሳቱት ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከዚያ የደረሱባቸውን ትምህርቶች ካርድ በውዝ ይቀላቅሉ፤ ከባድ ይሆንብዎታል፣ መሆንም አለበት። ፈተናው «አሁን የማቀርብልህ የሶሲዮሎጂ ነው» ብሎ አይነግርዎትም።

ደረጃ 7፦ የሁኔታ ጥያቄን በቅደም ተከተል ይመልሱ

አሁን ያለፉትን ጥያቄዎች ይክፈቱ።

1. የመልስ ምርጫዎቹን በወረቀት ይሸፍኑ።
2. በሁኔታው ውስጥ የታየውን ድርጊት ያስምሩበት።
3. የማን ጥያቄ ነው? ትርጉም፣ ስፍራ ወይስ የግለሰብ ውስጥ?
4. ስሙን በራስዎ ይጻፉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ያንሱ።
5. ያሰቡት ስም ከሌለ ሁለቱን ቅርብ ምርጫዎች ወስደው «መለያቸው ምንድን ነው?» ይበሉ።

ለጽሑፍ መልስ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ስሙ፣ ፍቺው በራስዎ ቃል፣ ከሁኔታው የተወሰደ ማስረጃ፣ ጎረቤቱ ያልሆነበት ምክንያት። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። ማስረጃ የሌለው መልስ ትክክል ቢሆንም ግምት ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ካርዶቹን አውቃለሁ፣ ጥያቄዎቹን እስታለሁ። ካርዶቹ ላይ ያለውን ምሳሌ ሸምድደዋል። ለእያንዳንዱ የሳቱት ካርድ ሁለት አዲስ ሁኔታ ይጻፉ፣ አንዱ ከትምህርት ቤት ውጭ ይሁን።

የሰዎቹ ስም አይያዝልኝም። ስምን ከፍቺ ጋር አያያይዙ፣ ከድርጊት ጋር ያያይዙ፦ ፒያዤ ብርጭቆ፣ ባንዱራ አሻንጉሊት፣ ማሊኖቭስኪ ደሴት።

ጊዜ አጥሮኛል፤ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ። 5.1፣ 5.2፣ የሚና ጥንዶቹን፣ ሦስቱን እይታዎችና ኢትኖሴንትሪዝምን ብቻ ይያዙ። ግማሽ የተማሩት አርባ ጽንሰ ሐሳብ በደንብ ከለዩት ዐሥራ አምስት ያንሳል።

ሁለት መጻሕፍት ተቃረኑብኝ። ፈተናው የተዘጋጀበትን ይከተሉ፤ ልዩነቱን በስያሜ ገጽዎ ላይ ይመዝግቡ።

በመጨረሻው ሳምንት ወደ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ይመለሱ። ለዚያች ልጅ ሰኞ ጠዋት የሚያደርጉትን ይጻፉ፦ ከመጠየቅዎ በፊት መልሷን በጽሑፍ እንድታሰናዳ ጊዜ መስጠት፣ መጀመሪያ ከጎኗ ላለችው ልጅ እንድትናገር ማድረግ፣ ዝም ስትል አልፈው ሄደው ከሁለት ተማሪ በኋላ በቀለለ ጥያቄ ወደ እሷ መመለስ፣ በተሳሳተ መልስ መሳቅ በክፍሉ ደንብ እንዲከለከል ማድረግ፣ ቤተሰቧን ማቀርቀር ምን ትርጉም እንዳለው መጠየቅ። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የጽንሰ ሐሳቡን ስም ያስፍሩ። ስም ያጡለት እርምጃ ካለ ካርዱን ይፈልጉት፤ ካርድ ከሌለው ዛሬ ይሥሩለት።